የአያ ደስታው አምፖል

ደንግጦ የቀረ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ከሚያዝያ ወዲህ እንደደነገጥኩ አለሁ። ሌላ አገር ሰው ሲደነግጥ ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጩበትና ልቡ ይመለሳል። በእኛ ቆላ ከተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በሚያዝያ ለድንጉጥ የሚረጭ ቀዝቃዛ ውሃ ከየት ይመጣል? ከቧንቧ የሚወርደው ቅጠል ቢጨመርበት ሻይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በአስተማማኝ የሚገኘው አንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ እኔን ያስደነገጠኝም ያው ሰው ነው። ታዲያ የት ሄጄ ልረጋጋ?

የምሠራው በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነው። ሰሊጥ ከገበሬው እንረከባለን፣ በማሽን እናበጥራለን፣ በከባድ መኪና ጭነን እንሸኛለን። እኔ ማሽኑንም መኪናውንም አልነካም፤ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የዕቅድ ባለሙያ ማለት አምና ያልተሠራውን ሥራ ቋንቋውን አሳምሮ ወደ ዘንድሮ የሚያሻግር ሰው ነው። ሰላማዊ ኑሮ ነበረኝ። በሰው ላይ ክፉ አልሠራሁም፣ ሰውም በእኔ ላይ አልሠራም፤ እስከዚያች ስብሰባ ድረስ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክንዱ ከሥልጠና ተመልሰው ነበር። ሥልጠናው የተሰጠው ደጋ ላይ፣ ብርድ ባለበት ከተማ ነው፤ እሳቸውም እዚያ የለበሱትን ኮት ሳያወልቁ ነው ስብሰባ የገቡት። ኮቱ ከሥልጠናው ጋር የተሰጠ ማዕረግ ሳይመስላቸው አልቀረም። አዳራሹ ውስጥ ያለችው ቬንትሌተር አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም እንደ ደንቡ ወደ አለቃ ዞራለች። እሳቸው «ኢነርጂ ማኔጅመንት ሲስተም» እያሉ ያብራራሉ፣ እኛ እንቀልጣለን።

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት መብራት ዝም ብሎ አይነድም» አሉ። «ፖሊሲ ይኖረናል፣ ኮሚቴ ይኖረናል፣ የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ እናውቃለን፣ ግብ እንጥላለን። ከዚያ ገምጋሚ መጥቶ ያየናል።»

በጎ ነገር ነው፤ ዛሬም አልክድም። ያን ሰዓት ግን ላቤ ከጀርባዬ ተነሥቶ ወንበሩን አልፎ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ቀስ ብዬ ተነሣሁና ቬንትሌተሯን ትንሽ ወደ ሕዝቡ ላዞራት እጄን ዘረጋሁ። እጄ ያረፈው ግን ማጥፊያዋ ላይ ነው። እልም አለች።

«አያችሁ?» አሉ አቶ ክንዱ፣ ኮታቸው ውስጥ ላብ እያጠመቃቸው። «እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ነገሩ የገባው ሰው አለ። አስተባባሪው እሱ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያጨበጨቡት በእኔ ተማምነው እንዳይመስላችሁ፤ ዕጣው በእነሱ ላይ ስላልወጣ ነው።

ይህ የሆነው ሽማግሌ በላክሁ በሳምንቱ ነው። ሽማግሌ የላክሁት ወደ አያ ደስታው ነው። አያ ደስታው የዩኒየናችንን ግንብ ተደግፈው ቀዝቃዛ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ውሃ፣ ለስላሳ፣ በረዶ፣ ደግሞም ከሱዳን ደንበኞቻቸው የለመዱትን ከርከዴ የሚባል ቀይ መጠጥ አቀዝቅዘው ይሸጣሉ። ልጃቸው እናንዬ አስተማሪ ናት። እናንዬን የወደድኳት ውሃ ልጠጣ ስመላለስ ነው፤ ወይም ደግሞ ውሃ ጠጪ የሆንኩት እናንዬን ላይ ስመላለስ ነው፤ የቱ እንደቀደመ ጠፍቶኛል። እሷም አልጠላችኝም። የቀረው የአባቷ ቃል ብቻ ነበር።

አያ ደስታው ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው፣ ለስላሳ ከፍተው፣ ነገሩን በጥሞና ሰምተው፣ «ፋሲካን እንለፍ። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ኑ። መልሴን ያን ጊዜ ትሰማላችሁ» ብለዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊወጡ ሲሉ ግን የለስላሳውን ሒሳብ ተቀብለዋቸዋል። አያ ደስታው በነፃ የሰጡት ነገር እንደሌለ አገር ያውቃል።

«ሰውየው ብርቱ ነው» አለኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲመለስ። «ክፉ ሰው አይደለም። እስከ ሰኞ ድረስ አንዲት ነገር እንዳታስቀይመው ብቻ።»

ምን አስቀይመዋለሁ ብዬ ነው እኔ? ከግንቡ ወዲህ ነኝ፣ እሳቸው ከግንቡ ወዲያ ናቸው። ግን አበው እንደሚሉት የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሥራ ጀመርኩ። ኮሚቴው እኔ፣ ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ፈንታነሽና ጥበቃው አያ መኳንንት ነን። ፈንታነሽ ለመናገር ፈቃድ የማትጠይቅ ሴት ናት። አያ መኳንንት ዩኒየኑ ሲመሠረት ጀምሮ በሩ ላይ የተቀመጡ፣ ከበሩ ላይ ቢነሡ ሌላ መቀመጫ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። መመሪያውን ዘርግተን ማንበብ ስንጀምር ለደጋ ሰው የተጻፈ መሆኑ ታወቀን። «የክፍል ማሞቂያን ከሥራ ሰዓት ውጭ ማጥፋት» ይላል። ገንዳ ውሃ ላይ የክፍሉ ማሞቂያ ፀሐይ ናት፤ እሷን ማን ያጥፋት? «ሠራተኞች ወፍራም ልብስ እንዲደርቡ ማበረታታት» ይላል። ይህን ሳነብ ፈንታነሽ ላቧን በነጠላዋ ጠረገችና፣

«አንተ ሰው፣ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አለችኝ።

እሱን ዘለልነው። ቀጥሎ «መነሻ» የሚባል ነገር መጣ። አንድ ወር ይመረጣል፤ በዚያ ወር የተበላው መብራት መነሻ ይሆንና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከእሱ ጋር ይመዘናል፤ ከመነሻው ዝቅ ካላችሁ ጎበዛችሁ፣ ከፍ ካላችሁ ወዮላችሁ። አቶ ክንዱ ወሩን ራሳቸው መርጠው፣ ፈርመው ላኩልን። የትኛው ወር እንደሆነ ሳይ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከተማው በኩራዝና በእጅ ባትሪ የከረመበት ወር ነው!

«አቶ ክንዱ፣ ያን ወርኮ መብራት አልነበረም» አልኳቸው፣ ቢሯቸው ገብቼ።

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «ከወሮቹ ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው። ጥሩ አርአያ ይሆነናል።»

«ከእሱም ልንቀንስ ነው?»

«ትንሽ ብቻ።»

ከጨለማ ላይ ትንሽ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬም ሊያስተምረኝ ይችላል።

እንግዲህ በላተኛው ማን እንደሆነ ለመለየት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን በሙሉ አስወጣን። የሰሊጥ ማበጠሪያውን አቆምን፤ ፍሪጁን ነቀልን፤ ቬንትሌተር፣ አምፖል፣ ኮምፒዩተር፣ የአያ መኳንንት ሬዲዮ ሳይቀር ጠፋ። ግቢው ውስጥ ዝንብ ብቻ ቀረ። ከዚያ ሦስታችንም ሄደን ቆጣሪው ፊት ቆምን። ጠፍቶ የማያውቅ ነገር ሁሉ ጠፍቷል፤ ቆጣሪው ግን ይሮጣል። ቀስ ብሎ ቢሄድ እንኳ ምናምን ረስተን ይሆናል እንል ነበር። ይሮጣል! የሚነዳው ሰው እንኳ የለም፣ ብቻውን ይሮጣል። ከድንጋጤ የተነሣ አጠገቤ የቆመችውን ፈንታነሽን ክንዷን ያዝኩ፤ እሷም ሳትቆጣኝ ቀረች፤ ከዚህ በላይ የመደንገጧ ምስክር የለኝም።

አያ መኳንንት ከአንዴም ሁለቴ አማተቡ።

«ይኸ የሰው እጅ ሥራ አይደለም» አሉ። «ጠበል ይፈልጋል።»

«አያ መኳንንት፣ ቆጣሪ ላይ ጠበል ቢረጩ የሚወጣው የሰይጣኑ ነፍስ አይደለም፣ የርስዎ ነው» አለቻቸው ፈንታነሽ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከቆጣሪው ጀርባ አንዲት ጥቁር ሽቦ ሾልካ ወጥታ ጣሪያውን ይዛ ትሄዳለች። ተከተልናት። ከጣሪያው ወርዳ ትልቁ የኒም ዛፍ ውስጥ ገባች። መሰላል አምጥተን እኔ ወጣሁ፤ አስተባባሪ ነኛ! ቅርንጫፉን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ሽቦዋ ቅጠል ለቅጠል ተጉዛ ግንቡን ትሻገራለች። ግንቡ ላይ በሆዴ ተጋድሜ ዓይኔን ወዲያ ማዶ ባሳልፍ፣ ሽቦዋ ቀጥ ብላ ቀዝቃዛው ቤት ጣሪያ ሥር ትገባለች። አያ ደስታው ከታች ቆመው በረዶ ይፈልጣሉ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ምነው ልጄ፣ በግንብ መጣኽ እንዴ? በሩ ክፍት ነው እኮ።»

«የለም፣ አያ ደስታው… እንደምን ዋሉ ልልዎት ነው።»

«እግዜር ይመስገን። አንተ እንዴት ዋልኽ? ምን ሁነኽ ነው እንዲህ ፊትኽ የገረጣ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ወዲህ ና፣ ውሃ ግዛ» አሉኝ በርኅራኄ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ከዚህ ሁሉ የገንዳ ውሃ ቤት፣ ከዚህ ሁሉ ጣሪያ ሽቦዋ መርጣ መርጣ የእናንዬ አባት ቤት ትግባ? የመልሱ ሰኞ ደግሞ እየተቃረበ ነው።

«ምን አየህ?» አለች ፈንታነሽ።

«ዛፉ ላይ ታልቃለች።»

«ምኗ?»

«ሽቦዋ። ዛፉ ላይ ነው የምታልቀው።»

«እና መብራቱን የሚበላው ኒሙ ነው?»

«ኒም ለብዙ ነገር ይሆናል ይባላል» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ውሸት የሚያመጣ ጭንቅላት በዚያ ሙቀት ማን ዘንድ አለ? ፈንታነሽ ዛፉንም እኔንም አይታ ሄደች። አያ መኳንንት ግን አመኑኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ላይ ያለውን ወንበራቸውን ከኒሙ ጥላ አራቁ።

የዚያኑ ቀን ሳይመሽ እናንዬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ነገሩን ነገርኳት። እሷ አልደነገጠችም፤ ያለመደንገጧ እኔን ይበልጥ አስደነገጠኝ።

«የድሮ ነገር ነው» አለችኝ። «መጋዘናችሁ ሲሠራ ለመኪና መዞሪያ ቦታ ጠፋ። አባዬ ከግቢው ቆርሶ ሰጣቸው። የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር ‹ውለታህ አይጠፋንም፤ አንዲት አምፖል ከእኛ አብራ› አሉት። የቃል ነገር ነው፣ ወረቀት የለውም።»

«አንዲት አምፖል!» አልኩ። «ቆጣሪው እኮ እንደ ወፍጮ ነው የሚዞረው!»

«አንዲት አምፖል ነበረች። ከአምፖሏ ሥር ሬዲዮ ተሰካ፣ ከሬዲዮው ሥር ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ፍሪጅ። አባዬ ዛሬም ሲጠየቅ ‹የአምፖሌ መስመር› ነው የሚለው። እኔ ብናገር ‹አንቺ ስለ መሬቴ ምን አገባሽ› ይለኛል።»

«እኔ ብናገርስ?»

የተማሪዎቿን ደብተር ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«ሽማግሌዎችህን ሳያስቀምጥ ይመልሳቸዋል» አለች ቀስ ብላ። «ዝም በልልኝ አልልህም። ግን እኔም ሰኞን ነው የምጠብቀው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ይናገራል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ግን ገምጋሚዋ መምጣቷ ነው፤ የምትመጣውም በዚያችው ሰኞ እንደሆነ አቶ ክንዱ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ሽቦዋን የማልነካ ከሆነ ከሽቦዋ በቀር ያለውን ሁሉ መንካት አለብኝ። ዘመቻ ጀመርኩ። ከሁለት አምፖል አንዱን ነቀልኩ። ቬንትሌተር በተራ እንዲሆን አደረግሁ፤ ዕቅድ ክፍል ሲነፍስለት ሒሳብ ክፍል ያልበዋል፣ ሒሳብ ክፍል ሲነፍስለት ግዢ ክፍል ይቀልጣል። የመሥሪያ ቤቱን ፍሪጅ ዘጋሁት። የአቶ ክንዱን ቬንትሌተር ሳጠፋባቸው አለቃዬ በመጀመሪያ ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ፤ ቢሯቸው ውስጥ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሲፈርሙ ባለጉዳይ አይቶ ሊታጠቡ ነው ብሎ ተመልሷል።

አሁን የሚመጣውን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ያላልኩት እሱን ነውና። ቬንትሌተር የጠፋበት፣ ፍሪጅ የተዘጋበት ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ግንቡን ዞሮ አያ ደስታው ቤት ይሄዳል። ገበሬው ሰሊጡን አስረክቦ በሚሞቅ ቢሮ ተራ ከሚጠብቅ እዚያ ሄዶ ይጠብቃል። ከደጋ ለሥራ የወረዱት፣ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ጆንያ ተሸክመው ሲያበቁ እዚያ ይሰለፋሉ። ስብሰባ ራሱ እዚያ መካሄድ ጀመረ። እዚህ አንዲት አምፖል ባጠፋሁ ቁጥር እዚያ የፍሪጅ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቆጣሪው ቆጠባዬን ከጀመርኩ ወዲህ ባሰበት! እኔም ይህን ሳይ ደንግጬ ሌላ አምፖል እነቅላለሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ፈንታነሽ ካዝናው አጠገብ ራሷን ስታ ወደቀች። ደግፈን አያ ደስታው ቤት ወሰድናት፤ በረዶ አንገቷ ላይ ሲያደርጉላት ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

«ኒሙ በላኝ» አለች።

ሌላው ሰው ሙቀቱ ነው የሚያስቀባጥራት አለ። እኔ ግን ገባኝ፤ አፈርኩ። ለራሴ ደስታ ብዬ የሰው ሚስት፣ የልጆች እናት ላጠፋ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁት። ዛሬውኑ ለአያ ደስታው እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ዘወር ስል እሳቸው ራሳቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

«እግዜር ነው ያመጣኽ፣ ልጄ። ና እስቲ፣ ትከሻ አበድረኝ። ዘንድሮ ገበያዬን ባርኮልኛል፤ ሁለተኛ ፍሪጅ ገዛሁ።»

በሩ ላይ ባለ ጋሪው ቆሟል። ጋሪው ላይ የተጫነውን ፍሪጅ ሳየው ሬሳ ሳጥን መሰለኝ፤ ሬሳውም እኔ ነኝ። ታዲያ የነገ አማቴ ዕቃ ሲያስገቡ ቆሜ ላይ ነው? በአንድ በኩል ሳሉጎቹ፣ በአንድ በኩል እኔ፣ ገፍተን ጥግ አስያዝነው። አያ ደስታው ላቤን አይተው ደስ አላቸው።

«ብርቱ ነኽ። በል ሰካው፣ ባርከኽ ሰካው።»

የኢነርጂ አመራር ሥርዓት አስተባባሪው በገዛ እጁ ሰካው። ፍሪጁ እንደ ጠገበ በሬ አጓራ። ወዲያው ከግንቡ ማዶ የአያ መኳንንት ጩኸት ተሰማ፤

«ኧረ የሰው ያለህ! ቆጣሪው ጭራሽ አበደ!»

ሰኞ ደረሰ። ገምጋሚዋ ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ከጎንደር በሚኒባስ ስትመጣ ፊቷ በርበሬ መስሏል። አቶ ክንዱ ለክብሯ ኮታቸውን መልሰው ለብሰዋል። ፖሊሲውን አየች፣ ወደደችው። መነሻውን አየች፣ ደጋግማ አየችው።

«በዚህ ወር ሥራ ላይ ነበራችሁ?» አለች።

«በሙሉ ኃይላችን!» አሉ አቶ ክንዱ።

«እስቲ ሁሉንም አጥፉልኝና ቆጣሪውን ልየው» አለች።

ያን ጊዜ ከግንቡ ማዶ የሽማግሌዎቼ ድምፅ ተሰማኝ፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው «እንደምን አደሩ» እየተባባሉ ሲቀመጡ። ሁሉም ጠፋ። ቆጣሪው ሮጠ። ኢንጂነሯ አልጮኸችም፣ አላማተበችም፤ ዝም ብላ ዓይኗን ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ኒሙ፣ ከኒሙ ወደ ግንቡ ወሰደችና በበሩ ዞራ ሄደች። አቶ ክንዱ ተከተሏት፣ ፈንታነሽ ተከተለች፣ አያ መኳንንት ተከተሉ፣ ሠራተኛው በሙሉ ተከተለ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ፤ ሰው ወደ ራሱ ቀብር ሲሄድ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀዝቃዛው ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። አያ ደስታው መሃል ናቸው። እናንዬ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች። ኢንጂነሯ ጣሪያ ሥር የገባችውን ሽቦ በጣቷ አሳየች።

«ይህ መስመር የማን ነው?»

አቶ ክንዱ ግራ ቀኝ ተመለከቱና በዓይናቸው አያ መኳንንትን አገኙ።

«ግቢውን የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት!» ብለው ጮኹባቸው። «ሽቦ በአጥር ሲወጣ የት ነበሩ? ከዛሬ ጀምሮ አላውቅዎትም፣ ዕቃዎን ይያዙ!»

አያ መኳንንት ኮፍያቸውን አውልቀው ጨበጡ።

«ኧረ በማርያም፣ ጌታዬ… ዛፉ ነው ብለውኝ…»

እናንዬን አየሁ። አባቷን አየሁ። ከዚያ የአያ መኳንንትን እጅ አየሁ፤ ኮፍያቸውን ጨብጠው አልለቅም ብለዋል። በቃ፣ እናንዬ ከእኔ ሄደች አልኩ በሆዴ፤ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

«አያ መኳንንት አያውቁም» አልኩ። «የማውቀው እኔ ነኝ። መስመሩ የአያ ደስታው ነው። ለአንድ አምፖል የተሰጠ ነው፤ አሁን ግን ሁለት ፍሪጅ ነው። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። ሁለተኛውን የሰካሁትም እኔ ነኝ። ዝም ያልኩት ልጃቸውን ስለምፈልግ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በስመ አብ!» አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ፈንታነሽ «ኒሙ ተናገረ» አለች። አያ ደስታው እኔን አዩ፤ ከዚያ ሴት ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ኮፍያቸውን የጨበጡትን አያ መኳንንትን አዩ። ተነሡ። በርጩማ ላይ ወጡና ያቺን ጥቁር ሽቦ ከማከፋፈያው ነቀሏት።

«መሬቴን የሰጠሁት ለአምፖል ነበር» አሉ። «አምፖሏን አሳድጌያት ኖሯል። መኳንንትን ልቀቁት፤ እሱ እንጀራውን በእኔ ሰበብ አያጣም። ነገ የራሴን ቆጣሪ አስገባለሁ።»

ፍሪጆቹ ተንፍሰው ዝም አሉ። ያን ቤት ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። እንደዚያ ሲሆን ነው ድንጋጤ በአያ ደስታው ፊት ላይ የወጣው፤ ስለ ኢንጂነሯ አይደለም፣ ስለ እኔም አይደለም። ፍሪጁን ከፍተው እጃቸውን አስገቡ።

«ይቀልጣል» አሉ። «ኧረ ይኸ ሁሉ ሊቀልጥብኝ ነው!» ውሃውን፣ ለስላሳውን፣ በረዶውን፣ በትልቅ ጀሪካን የተቀመጠውን ከርከዴ አዩ። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰብራል። ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲህ አሉ፦ «ጠጡ።»

«ስንት ነው?» አለ አንድ ሳሉግ ኪሱን እየዳበሰ።

«በነፃ ነው! ሐሳቤን ሳልለውጥ ጠጡ!»

ገንዳ ውሃ እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ተግተልትሎ ገባ። ኢንጂነሯ የከርከዴ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ «መነሻውን እንደገና እንሠራዋለን፣ መብራት ባለበት ወር» ስትል አቶ ክንዱ ኮታቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አወለቁ። አያ መኳንንት በረዶ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ያለቅሳሉ ይስቃሉ። እኔ ብቻ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ማን ይጋብዘኝ?

አያ ደስታው ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲጠጣ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«እናንተ ሰዎች» አሉ። «ይኸ ሁሉ ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ይኸ ሁሉ መጠጥ ወጥቶ፣ ሰው ‹ምን ድግስ ነበር?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ‹ሽቦ ተነቅሎብኝ ነው› ልበል?»

«አይባልም» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«መቼም ልጄን ስሰጥ መደገሴ አይቀርም። ሁለት ጊዜ የሚደግስ ሞኝ ነው። ይኸን የቃል ኪዳኑ አድርጉት። ልጁ ሲዋሽ ሰነፍ ነው፤ እውነት ሲናገር ግን እኔንም አስደነገጠኝ። ሰጥቻለሁ።»

እልልታው ከመጋዘኑ ጣሪያ ተሻግሮ ተሰማ። ጉልበታቸውን ልስም ስወድቅ «ተው፣ ተነሥ፣ ጠጣ፣ እየቀለጠ ነው» አሉኝ። ዓይኔን እየጠረግሁ ስነሣ እናንዬ አጠገቤ ቆማ ለስላሳ ሰጠችኝ። እሷም ዓይኗ ርሷል፤ ግን ሳቋን ልታፍነው አልቻለችም።

«ጠጣና ሳትደነግጥ ስማኝ» አለች። «በሁለተኛው ፍሪጅ አባዬ ለዳግማይ ትንሣኤ ሊሸጥ ገዝቶ የተረፈው የሙክት ሥጋ አለ። ‹ሥጋው እስከ ነገ እንጂ ከነገ አያልፍም፤ ሠርጉም ነገ ይሁን› ብሎ ቄሱን ሊጠራ ሰው ልኳል።»